ስም የለሽ ሥልጣን

ታማኝነቱ በሥራ የተፈተነ ሰው በገዛ ደጃፉ «ማን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ክብሩ የተነካ ይመስለዋል። ይህ ጥያቄ ለታማኙ ስድብ ነው ወይስ ከለላ? ጥንት በግምጃ ቤት ደጃፍ ይነሣ የነበረው ይህ ክርክር ዛሬ በኮምፒውተርም ደጃፍ ቆሞ ይገኛል።

በጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና የሚሠራ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት አለ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ አብዛኛው የኢትዮጵያ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ነውና፣ በዚያ አንድ ሰነድ ሲዘገይ ኮንቴይነር ይቆማል፤ ኮንቴይነር ሲቆም ኪራዩ ይቈጥራል። በአንድ ሌሊት የድርጅቱ ሰነዶች የተቀመጡበት የሊኑክስ ሰርቨር ይታወካል። ባለሙያው ያለው አዲስ አበባ ነው። የበላይ ሥልጣን በተሰጠው «ሩት» በተባለው ስም ከሩቅ ለመግባት ይሞክራል፤ የይለፍ ቃሉንም በትክክል ይጽፋል። መልሱ «ፈቃድ የለም» የሚል ነው። ደግሞ ይሞክራል፤ መልሱ ያው ነው።

አስተዋይ ባለሙያ በመጀመሪያ መልሱን ይመረምራል። ሰርቨሩ መልስ ከሰጠ መስመሩ አልተቋረጠም፤ 22 ቁጥሩ በርም አልተዘጋም። የጅቡቲው ባልደረባ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ የኤስ ኤስ ኤችን የደንብ ፋይል ሲከፍት ምክንያቱ ይገለጣል፤ ሩት በይለፍ ቃል ከሩቅ እንዳይገባ ተከልክሏል። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ይህን ክልከላ ይዞ ይነሣል። እንግዲያው ሰርቨሩ የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ አልተሳሳተም።

ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በደንቡ ውስጥ አንዲት ቃል ቢለወጥ በሩ ይከፈታል። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ማን ይጎዳል?» የሚለው ሐሳብ ይመጣል።

ይሁን እንጂ ሩት የሰው ስም ሳይሆን የሥልጣን ስም ነው። ሁሉን ያነባል፣ ሁሉን ይለውጣል፣ የገዛ ሥራውን መዝገብ እንኳ ሊፍቅ ይችላል። አምስት ሰዎች አንዱን የይለፍ ቃል ተካፍለው ቢገቡ መዝገቡ የሚጽፈው «ሩት» ብሎ ነው። ነገ አንድ ሰነድ ቢጠፋ ንጹሑ ሰው ንጽሕናውን የሚያስረዳበት ምስክር የለውም። በራሱ ስም ገብቶ፣ ሲያስፈልገው ብቻ «ሱዶ» በተባለው ትእዛዝ ሥልጣኑን ከፍ የሚያደርግ ሰው ግን ስሙን በመዝገብ ያኖራል። በእቁብ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሚለያዩት ሁለቱም ሌቦች ስለሆኑ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ምስክር እንዲሆን ነው።

እምነት ብቻውን እንደማይበቃ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓለም አይቷል። ኤክስ ዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ለዓመታት አመኔታን ያተረፈ አንድ ተባባሪ፣ በሰርቨሮች መግቢያ በኩል የሚያሾልክ ስውር በር በውስጡ ሸሽጎ ተገኘ። ነገሩን ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ «ለምን?» ብሎ ጠየቀ።

«ታዲያ በሽተኛው እያጣጣረ ሐኪሙ በር ላይ ይጠየቃልን?» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የቆመው ኮንቴይነር መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥፋቱ የበሩ መዘጋት ሳይሆን፣ ለክፉ ሌሊት የሚሆን ሕጋዊ በር በቀን አለመዘጋጀቱ ነው። ለባለሙያው በስሙ መግቢያና ቁልፍ አስቀድሞ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር። በዚያች ሌሊት እንኳ የቀረው መንገድ አጭር ነው፤ ባልደረባው ማሽኑ ፊት እንደተቀመጠ ለባለሙያው በስሙ መግቢያ ይከፍትለታል። ጥቂት ደቂቃ ይባክናል። ሲነጋ ግን ሰነዱ ይወጣል፤ ማን እንዳወጣውም ይታወቃል።