ገዢው ያላየውን ማሳየት

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የተደበቀውንም የተገለጠውንም ያያል፤ በልብ ያለውንም ያውቃል። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ፣ ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። ተቅዋ ከሰላት በኋላ ወደ ገበያ ስንወጣ የሚፈተን ነገር ነውና፣ እያንዳንዳችን በሚሸጠውና በሚገዛው ነገር ውስጥ ጌታውን ያስብ።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለኹጥባ ያነሰ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ጉዳዩ ያገለገለ መኪናን መሸጥ ነው። መኪናውን መቀየር የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወደ መኪና ነጋዴ ወስዶ፣ አሮጌውን አስረክቦና በላዩ ጨምሮ ሌላ መውሰድ ነው። ይህ ሐላል ነው፤ ድካሙም ትንሽ ነው። ነጋዴው ግን ዋጋ ይቆርጣል። መካኒክ አለው፤ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ከሥር ገብቶ ሻንሲውን ያያል፣ ነገ አትርፎ የሚሸጥበትንም ያሰላል። ሁለተኛው መንገድ ባለቤቱ ራሱ ገዢ ፈልጎ መሸጥ ነው። በዚህኛው ብዙ ጊዜ የተሻለ ዋጋ ይገኛል። ለምን ይመስላችኋል? ገዢው በአብዛኛው የመኪና ሰው አይደለም። መምህር ነው፣ ነርስ ናት፣ ዕቁብ የደረሰው ባለ ሱቅ ነው። የባለቤቱን ፊት አይቶ፣ «ራሱ ሲነዳው የኖረ ሰው ነው፣ እውነቱን ይነግረኛል» ብሎ ነው የሚጨምረው። እንግዲህ ያ ጭማሪ ገዢው በቃላችን ላይ ያኖረው እምነት ዋጋ ነው። ቃሉ ውሸት ከሆነ ለምን ነገር ገንዘብ ተቀበልን? ስለዚህ መኪናውን ራሱ ለመሸጥ የተነሳ ሰው፣ ለማንም «ይሸጣል» ከማለቱ በፊት የሚያውቀውን ጉድለት ሁሉ በወረቀት ላይ ይዘርዝር።

ደግሞ የሚከፈለው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ብር በአጭር ጊዜ ብዙ ዋጋ አጣ። በዚህ ሁሉ መሐል ብዙ ዓመት የሠራች ቪትዝ ወይም አሮጌ ኮሮላ የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ ሆናለች። የእናት ወርቅ ተሸጦ፣ ከወንድም ተበድሮ የሚገዛ መኪና ነው። ይህን ገንዘብ የምትቀበል እጅ ከየት እንደመጣ አስባ ትቀበል።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ያሰፈሩትን አንድ ታሪክ ስሙኝ። አንድ ሰው ከዋሲላ ኢብኑ አል-አስቀዕ (ረ.ዐ) ግቢ ግመል ገዝቶ ሲወጣ፣ ዋሲላ ልብሳቸውን እየጎተቱ በጥድፊያ ደረሱበት። ግመሏን ገዛህ ወይ ብለው ጠየቁት፤ አዎ አለ። ሻጩ ያለባትን ነገር ነግሮሃል ወይ አሉት። ሰውየው ወፍራምና ጤነኛ መሆኗ በዓይን የሚታይ ነገር እንደሆነ መለሰ። ዋሲላ ግን ጥያቄያቸውን ቀጠሉ፤ የፈለግሃት ለሥጋ ነው ወይስ ለመንገድ? ለሐጅ ጉዞ እንደሆነ ሲነግራቸው፣ እግሯ ሥር ቀዳዳ እንዳለ አሳወቁት። ሻጩ ምን አድርጌህ ገበያዬን ታበላሽብኛለህ ብሎ አማረረ። እሳቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ ሻጭ ያለውን ጉድለት ሳይገልጽ መሸጥ እንደማይፈቀድለት፣ ጉድለቱን የሚያውቅ ሌላ ሰውም ዝም ማለት እንደማይፈቀድለት ሲናገሩ መስማታቸውን ነገሩት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው፣ ዋሲላ ገዢው ግመሏን ለምን እንደፈለጋት መጠየቃቸው ነው። ለሥጋ ቢሆን የእግሯ ቀዳዳ ብዙ አይጎዳውም፤ ለመካ መንገድ ግን ሰውየውን በረሃ ላይ ይጥለዋል። የእኛም ገዢ መኪናውን ከፒያሳ አራት ኪሎ ሊመላለስበት ነው ወይስ በየሳምንቱ ደሴ ሊወጣበት? አቀበት ላይ የሚሞቅ ሞተር ለከተማ ሰው ወጪ ነው፤ በጣርማ በር መንገድ ቤተሰብ ጭኖ ለሚወጣ ግን አደጋ ነው። ሁለተኛው ነገር ለሦስተኛው ሰው የተነገረው ነው። ደላላውና መካኒኩ «እኔ ሻጭ አይደለሁም» ብለው ከዚህ ትእዛዝ አይወጡም። የቴስታታው ጓርኒሲዮን የተቃጠለ መሆኑን፣ መኪናው አንድ ጊዜ ተገልብጦ በስቱኮ የተሸፈነ መሆኑን እያወቀ ቆሞ ያየ ሁሉ ተጠያቂ ነው። በጋራዥም በድለላም የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ገዢው ባይጠይቃችሁም ተናገሩ፤ በዚህ ሰበብ የቀረባችሁን ኮሚሽን አላህ በሌላ በር ይተካላችኋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሻጮች የግመልንና የበግን ጡት ለቀናት አስረው፣ ወተቱ ሲጠራቀም «ብዙ የምትታለብ ናት» እያሉ መሸጣቸውን ከልክለዋል። በዚህ የተታለለ ሰውም እንስሳዋን ካለባት በኋላ ቢሆን እንኳ የመመለስ መብት እንዳለው ወስነዋል። ዛሬ ጡት የሚታሰረው በሌላ መንገድ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ይመለሳል። ጭስ እንዳይታይ ወፍራም ዘይት ይጨመራል። ጠዋት በብርድ ማስነሳት የሚያስቸግር መኪና ገዢው ከመምጣቱ በፊት ተነድቶ ይሞቃል። በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራ የማስጠንቀቂያ መብራት ትነቀላለች። አንዳቸውም በአፍ የተነገሩ ውሸቶች አይደሉም፤ ሁሉም ግን ማታለል ናቸው። ዑለማዎቻችን የተደበቀ ጉድለት ሲገኝ ገዢው የመመለስ መብት እንዳለው ይናገራሉ፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ እንደሆነ ይደነግጋል። መኪናችንን ገዢው በቀዝቃዛ ሞተር፣ በመረጠው ሰዓትና በመረጠው መካኒክ እንዲያይ መፍቀድ አለብን።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን ስለ አራዳ አንድ ነገር ልበል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የአራዳ ገበያ ፈረስና በቅሎ የሚሸጥበት ቦታ ነበር። በቅሎ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ዋስ ይጠይቅ ነበር፤ እንስሳዋ የተሰረቀች እንዳልሆነች የሚመሰክር፣ ሰፈሩና ስሙ የታወቀ ሰው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ መርካቶ ሲያዛውረው አራዳ የሱቅና የመንገድ ሰፈር ሆነ፤ ዋስነቱ ግን በጉርብትና መልክ ቀጠለ። በዶሮ ማነቂያም ሆነ በእሪ በከንቱ የማን መኪና የት እንደተጋጨ፣ ማን ሞተር እንዳስወረደ ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር። ገዢ ሲመጣ ሱቅ በራፍ ላይ የተቀመጡትን አባት ጠይቆ ይረዳ ነበር። በ2016 እነዚያ ሰፈሮች ሲፈርሱ ጎረቤቱ ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ። ሱቁም የለም፤ አባትየውም የት እንደገቡ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ገዢው በስልክ ፎቶ አይቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ይገናኛል። ያ ሁሉ የጎረቤት ምስክርነት የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኗል። አላህ ግን ከማንም ጎረቤት ይልቅ ቅርብ ነው። የሚመሰክርብን ሰው በሌለበት በራሳችን ላይ ራሳችን ምስክር እንቁም።

በወረቀቱ ጉዳይ ላይ የምናደርገውን ቸልታ በተለይ ማንሳት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው መኪናውን ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስም ለማዛወር ይሰለቻል፤ ወይም ገዢው የዝውውር ወጪውን ሽሽት «ውክልና ብቻ ስጠኝ» ይለዋል። መኪናው በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የመጀመሪያው ባለቤት ስም እንደሆነ ይቀራል። አንድ ቀን ያ መኪና ልጅ ይገጫል። የሦስተኛ ወገን መድኑ ተቃጥሏል፤ የሚነዳው ሰው ተሰውሯል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው ሲነዳው እንኳ፣ ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። የተገጨው ልጅ ቤተሰብ ካሣ ፍለጋ ማንን ይያዝ? አንድ ውክልና ስንት ሰው መብቱን እንዲያጣ ምክንያት እንደሚሆን አስቡ። ውሉን በውልና ማስረጃ ተፈራርመን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጠን፣ ስሙን በመንገድ ትራንስፖርት አዛውረን እስክንጨርስ ሽያጩን እንደተፈጸመ አንቁጠር።

ታክስ እንዲቀንስ ብሎ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ጽፎ መፈረምም በመካከላችን እንደ ብልሃት ይታያል። አላህ (ሱ.ወ) በቁርአን ውስጥ ረጅሙን አያህ፣ የአል-በቀራህን 282ኛ፣ ያወረደው ስለ ውልና ስለ ዕዳ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ የሚያስጽፈውም ከሐቁ ምንም እንዳያጎድል እዚያው አዟል። ሁለት ሙስሊሞች ምስክር አቁመው ሐሰት ሲያጽፉ ምስክሮቹንም ወደ ኃጢአታቸው ይጎትታሉ። በኋላ ጉድለት ተገኝቶ ገንዘብ ይመለስ ሲባል ደግሞ፣ ገዢው ያልተጻፈውን ብር ማስረዳት ያቅተዋል። የተከፈለው ብር በሙሉ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ቀብድ የተቀበለ ሰውም ቃሉን ይጠብቅ። ሌላ ሰው መጥቶ ቢጨምርለት ሽያጩ አልቋል ይበል፤ በወንድም ሽያጭ ላይ መሸጥ ተከልክሏልና። ሕጋችን ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ሰው እጥፍ እንዲመልስ ያደርጋል። እጥፍ መመለስ ግን ገዢውን ያሳዘንነውን ሐዘን አይመልስም። የውሸት ገዢ ልኮ ዋጋ ማስጨመርም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ነጀሽ ነው፤ ከሱ ራቁ።

አሁን ደግሞ ወደ ገዢው ልዙር፤ እሱም ሒሳብ አለበት። ጀሪር ኢብኑ አብደላህ (ረ.ዐ) ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ሲገቡ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ጭምር ነበር የገቡት። ጦበራኒ እንደዘገቡት፣ አንድ ቀን አገልጋያቸው ፈረስ በ300 ዲርሃም ገዝቶ ባለቤቱን ለገንዘቡ ይዞ መጣ። ጀሪር ፈረሱን አዩትና ከ300 በላይ እንደሚያወጣ ለባለቤቱ ነገሩት፤ በ400 ትሸጠዋለህ ወይ አሉት። ከዚያ በኋላ በመቶ በመቶ እየጨመሩ 800 ዲርሃም ከፈሉት። ሻጩ አልጠየቀም፤ ገዢው ነው የጨመረው። ከእኛ መሐል ግን ልጁን ለማሳከም መኪናውን የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥመው፣ ችግሩን አሽትቶ ግማሽ ዋጋ የሚጠራ አለ። ያልተበላሸውን «ካምቢዮው ሞቷል፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል» እያለ የሰውን ንብረት የሚያናንቅም አለ። ክርክር ሐላል ነው፤ በውሸት ማሳነስና በተቸገረ ሰው ላይ መበርታት ግን ሐላል አይደለም። ገዢ የመኪናውን ልክ እያወቀ ከሆነ የሚገባውን ይክፈል።

ይህ ሁሉ ለሙስሊም ወንድሞቻችን ብቻ የታዘዘ የሚመስለው ካለ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ይመልከት። ከመካ በተሰደዱባት ሌሊት ሊገድሏቸው የተዘጋጁት ሰዎች አማና በእሳቸው እጅ ነበር፤ ዓሊን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ ያስቀሩት አደራውን ለየባለቤቱ እንዲመልሱ ነበር። እኛ በጊዮርጊስ ደወልና በኑር መስጊድ አዛን መሐል አብረን የኖርን ሰዎች ነን። ክርስቲያን ጎረቤታችን መኪናችንን ሲገዛ የሙስሊም ቃል ምን እንደሆነ በዚያ ቀን ያውቃል፤ ለልጆቹም ይነግራል። ለሱም እንደ ሥጋ ወንድማችን እናስረዳው።

የቀረኝ አንድ ነገር ከዚህ በፊት ሸጦ ለጨረሰው ሰው ነው። ጉድለት ደብቆ የሸጠ ሰው በኢስቲግፋር ብቻ አይድንም፤ የሰው ሐቅ ባለቤቱ አውፍ ካላለ ወይም ካልተመለሰለት በቂያማ ቀን፣ ዲናርም ዲርሃምም በሌለበት፣ ከመልካም ሥራችን ይወሰዳል። የገዢው ስልክ በውሉ ላይ አለ። ደውሎ እውነቱን ይንገረው። የዋጋውን ልዩነት ይመልስለት፤ ወይም ያስጠግንለት፤ ሰውየው ካልፈለገም ገንዘቡን መልሶ መኪናውን ይውሰድ። የተጸጸተን ሰው ሽያጭ ያፈረሰለትን አላህ ስሕተቱን እንደሚያነሳለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ገዢው ለሌላ ሰው ሸጦት ከሆነ፣ መኪናው አሁን በማን እጅ እንዳለ ይጠይቅና እስከዚያ ሰው ድረስ ይሂድ፤ ፍሬኑ የማይታመን መኪና ነገም ጠዋት ተማሪ በሚሻገርበት መንገድ ላይ ይነዳልና።