ተልከን ነው ወይስ ተሰደን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በጅዳ፣ በመካ መንገድ፣ በጣኢፍና በዙሪያው የምትኖሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣

ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደርሶናል። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት፣ የቅዳሴ ድምፅ ከስልክ ብቻ በሚሰማበት አገር ምን እየሠራን ነው የሚል ነው። ወንጌልን ለማስተማር ቤታቸውን ሸጠው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደማያውቁት አገር ስለሚሄዱ ቤተሰቦች የሰሙ ደግሞ በራሳቸው ያፍራሉ። እነዚያ ቤተ ክርስቲያን ልካቸው ሄዱ፤ እኛን ግን የላከን ደላላ ነው ይላሉ። ነገሩ እውነት አለው። አብዛኞቻችን የወጣነው ለእንጀራ፣ ለወላጅ መጦሪያ፣ ለታናናሾቻችን ትምህርት ነው። እንግዲህ ለእንጀራ የወጣ ሰው ተልኳል ሊባል ይችላልን? ተልኳል ከተባለስ፣ ስብከት በተከለከለበት አገር ምን ሊሠራ ነው?

በመጀመሪያ አባታችን አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወደ አገራችን እንዴት እንደ መጡ እናስታውስ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆችን ይዞ በእኛው በቀይ ባሕር ይጓዝ ነበር። መርከባቸው ወደ ወደብ በተጠጋች ጊዜ አደጋ ደረሰባቸው፤ ሌሎቹ ሲገደሉ ሁለቱ ልጆች ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ተወሰዱ። ኤዴስዮስ መጠጥ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ጸሐፊና የግምጃ ቤት ኃላፊ። በዛሬው ቋንቋችን ሁለቱም የሰው ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ወደው አልመጡም፤ ማንም አልባረካቸውም፤ የላካቸው ጳጳስ አልነበረም።

ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ሕፃኑ አልጋ ወራሽ እስኪያድግ ድረስ አብረዋት እንዲቆዩ ለመነቻቸው። ያን ጊዜ ፍሬምናጦስ ያደረገውን ልብ በሉ። በከተማው የሚነግዱ ክርስቲያን የሮም ነጋዴዎችን ፈለገ፤ ተሰብስበው የሚጸልዩበት ስፍራ እንዲኖራቸውም ረዳቸው። ለአገራችን ጳጳስ ከመሾሙ በፊት፣ በአክሱም ከነበሩት የጸሎት ማኅበሮች አንዱ የስደተኞች ማኅበር ነበር ማለት ነው። በኋላ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ቅዱስ አትናቴዎስን ጳጳስ እንዲልክ ጠየቀ። አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ ከወዴት ይገኛል በሚል ልብ እርሱኑ ሾሞ መለሰው። ሌላ ሰው እንዲላክ ሊጠይቅ ሄዶ የተላከው ራሱ ሆነ። መላኩ የታወቀው ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስም አቂላና ጵርስቅላ የተባሉ ባልና ሚስት አሉ። ቤተሰብ ሆነው በባዕድ አገር ቤተ ክርስቲያን ካገለገሉት ቀደምት ሰዎች ናቸው። ከሮም ወደ ቆሮንቶስ የመጡት ቄሣሩ ቀላውዴዎስ አይሁድን ከከተማው ስላስወጣ ነው (ሐዋ. 18፥1-3)። የተባረሩ ሰዎች ናቸው። ሙያቸው ድንኳን መስፋት ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስም በዚያው ሙያ አብሯቸው ሠራ። ከዚያ ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ፤ በቤታቸው ምእመናን ይሰበሰቡ ነበር (1ኛ ቆሮ. 16፥19)። ቤተ ክርስቲያን የሆነው የሚሠሩበትና የሚያድሩበት ቤት ነው።

ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበው ግን ስሟ እንኳ ያልተጻፈው ልጅ ናት። ከእስራኤል ተማርካ የሶርያው የጦር አለቃ የንዕማን ሚስት አገልጋይ ሆነች (2ኛ ነገ. 5)። ጌታዋ በለምጽ ሲሠቃይ ባየች ጊዜ ደስ አላላትም፤ የሚፈወስበትን መንገድ ለእመቤቷ ነገረቻት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች፤ ሰውየው ዳነ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። ይህችን ታሪክ ይዘን የምትደበደብን እኅት፣ ደመወዟ ለዓመት የተያዘባትን ልጅ፣ እግዚአብሔር የላከሽ ለዚህ ነውና ቻይው ልንላት አይገባም። መማረክ በደል ነው፤ እግዚአብሔር በበደል ውስጥ መልካም መሥራቱ በደሉን መልካም አያደርገውም። የምትበደል እኅት ከሚበድላት ቤት ብትወጣ፣ በጅዳ ወደሚገኘው ቆንስላችን ብትሄድ ተልእኮዋን አልጣለችም። ጌታችን ራሱ ሐዋርያቱን በአንዲት ከተማ ሲያሳድዷቸው ወደ ሌላዪቱ እንዲሸሹ አዝዟቸዋል (ማቴ. 10፥23)። እመቤታችንም ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ ሸሽታለች።

እንግዲህ የመጣበት ምክንያት እንጀራ ቢሆንም ሰው የተላከ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ እዚህ ምን እንሥራ?

የምንኖርበትን አገር ሕግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤተ ክርስቲያን መሥራትም በአደባባይ መስበክም አይፈቀድም። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በዚሁ በጅዳ በአንድ የግል ቤት ለጸሎት ተሰብስበው የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ተይዘዋል፤ ከእነርሱም 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ከወራት እስር በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ይህን የምናነሣው ለማስፈራራት አይደለም። ጌታችን እንደ እባብ ልባሞች፣ እንደ ርግብም የዋሃን እንድንሆን ሁለቱን አንድ ላይ አዝዟል (ማቴ. 10፥16)። ልባምነት ማለት የምትጸልዩበትን ቤት ፎቶ ወይም አድራሻ በዚህ ቻናልም ሆነ በሌላ አለመለጠፍ ነው። የዋህነት ማለት ደግሞ ልባምነታችን ወደ ማታለል እንዳይለወጥ መጠበቅ ነው። የሚከብደን ይህ ሁለተኛው ነው። ከሚደርሱን ጥያቄዎች ሁለቱን እንይ።

የመጀመሪያው የሕፃናት ሞግዚቶች ጥያቄ ነው። የሚያሳድጉትን ልጅ እንደ ልጃቸው ይወዱታል። ሲያስተኙት በስውር በመስቀል ምልክት ያማትቡበታል፤ አንዳንዶችም ጸበል ያጠጡታል። ይህ ስብከት ነው ወይ ይሉናል። ፍቅራችሁን እናከብራለን። ነገር ግን ጌታችን ሰዎች እንዲያደርጉልን የምንወደውን እንድናደርግላቸው አስተምሮናል (ማቴ. 7፥12)። በጎንደር ወይም በደሴ ለእናታችሁ ትታችሁት የመጣችሁትን ልጅ አስቡት። የቀጠራችኋት ሞግዚት እናንተ ሳታውቁ የእርሷን ሃይማኖት ሥርዓት ብትፈጽምበት ምን ይሰማችኋል? ሕፃኑ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት ከባድ ነው። ስለ ልጁ በልባችሁ ጸልዩ፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። እናቱ ፊት የማታደርጉትን ግን በልጁ ላይ አታድርጉ። ለልጁ የምትተዉለት ከሁሉ የሚበልጥ ምስክርነት፣ አንዲት ሐበሻ በልጅነቱ እንዳልዋሸችውና እንዳልመታችው ሲያስብ መኖሩ ነው።

ሁለተኛው የስም ጥያቄ ነው። ወለተ ማርያም ተብላ የተጠመቀች እኅት ቪዛው እንዲፈጥንላት ደላላው በፓስፖርቷ ላይ የሙስሊም ስም ያስጽፍላታል። ኢቃማዋም በዚያው ስም ይወጣል። ማዕተቧን ኤርፖርት ላይ ፈትታ በቦርሳዋ ታስገባለች። በረመዳን መጨረሻ አሠሪዎቿ ለዑምራ ወደ መካ ሲነሡ ልጆቹን እንድትይዝ አብራ ትጫናለች። ከጅዳ ወጥተው ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ ሌላ መንገድ እንዲታጠፍ የሚያዘው ምልክት ጋ ሲደርሱ መኪናው ቀጥ ብሎ ያልፋል። ክጃለሁ ወይ ብላ ትጠይቀናለች።

እኅታችን ሆይ፣ ጥምቀት በመቀስ አይቆረጥም። ማዕተብ ማውለቅ ቀላል ነው ማለታችን ግን አይደለም፤ ስለ ማዕተባቸው አንገታቸውን የሰጡ ሰማዕታት አሉን። ንዕማን ከተፈወሰ በኋላ ኤልሳዕን የጠየቀውን አስቢ። ንጉሡ በክንዱ ተደግፎ ወደ ሬሞን ቤት ሲገባ እርሱም አብሮ መስገዱ እንዳይቀር ነገረው፤ ስለዚህም ይቅርታ ለመነ። ኤልሳዕ አልረገመውም፤ መልካም ነውም አላለውም፤ በሰላም አሰናበተው (2ኛ ነገ. 5፥18-19)። ንዕማንን የጠቀመው አስቀድሞ መናገሩና ነገሩን እንደ ቀላል አለማየቱ ነው። አንቺም ለብቻሽ አትሸከሚው። ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ ልኩን የሚያውቁልሽ እርሳቸው ናቸው።

ሌላም የሚታሰብ አለ። መካ ለባለቤቶቹ የተቀደሰ ስፍራ ነው። ዝግ ስፍራ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አናጣውም። በአክሱም ወደ ጥንቱ የጽዮን ቤተ መቅደስ ሴቶች አይገቡም፤ ወደ ታቦተ ጽዮን ማደሪያም ከጠባቂው መነኩሴ በቀር የሚገባ የለም። በሐሰት ስም የሚገባ ቢኖር ልባችን ይቆስላል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት እውነቱን ለእመቤቷ መናገር የምትችል እኅት ብትናገር ለሁለቱም ወገን መልካም ነው። ለሕይወቷ የምትፈራ ግን አለች፤ በእርሷ ላይ ድንጋይ የሚያነሣ ከእኛ መካከል አይኑር። ስሙን የቀየረው ደላላው ነው፤ የላከችውን ብር የበላነው ቤተሰቦቿ ነን፤ ከመሄዷ በፊት ያላስተማርናትና ያልመከርናት እኛ በቤተ ክርስቲያን ያለነው ነን። ንስሐው የጋራችን ነው።

ደግሞም የመካ ሰዎች አንድ ጊዜ የእኛ እንግዶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢያቸው ተከታዮች ስደት ሲበረታባቸው ከጅዳ በስተ ደቡብ ካለው ከሹዐይባ ወደብ ተነሥተው ወደ አክሱም መጡ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ምን እንደሚያምኑ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ንጉሡ አላስገደዳቸውም፤ ለሚያሳድዷቸውም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ጎረቤቶቻችን ይህን ታሪክ ያውቁታል፤ ሐበሻን የሚያከብሩበት አንዱ ምክንያትም ነው። ስደተኛው እውነት የተናገረበት፣ ባለቤቱም በቅንነት የሰማበት ቀን በታሪክ ነበረ። ዛሬም በየቤቱ እንዲደገም እንጸልይ።

በመጨረሻ ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እንመለስ። ሲለቀቁ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ወደ እኛ ተመለሰ፤ ኤዴስዮስ ግን ወደ ጢሮስ፣ ወደ ዘመዶቹ ገባ፤ በዚያም ቅስና ተቀበለ። ታሪካቸውን ዛሬ የምናውቀው ኤዴስዮስ ለሩፊኖስ ስለ ነገረው ነው። በ2006 ዓ.ም. በጀመረው ማባረር ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ዛሬም በጅዳና በመካ መካከል ባለው በሹመይሲ ተራ የሚጠብቁ አሉ። ባዶ እጃችሁን የምትመለሱ መስሏችሁ አትዘኑ። ኤዴስዮስም ተመላሽ ነበር።

ተልከን ነው ወይስ ተሰደን ለሚለው፣ ተሰደን ነው እንላለን። መላካችን የሚታወቀው ደግሞ በተሰደድንበት ቤት በምንኖረው ኑሮ ነው። ነገ ጠዋት ወለሉን ስንወለውል፣ ሕፃኑን ስናጥብ፣ የአሠሪያችንን ቁልፍ ስንይዝ የታመንን እንሁን። ማታ በራችንን ዘግተን አባታችን ሆይ እንበል። እርስ በርሳችን በክርስትና ስማችን እንጠራራ፤ ማን እንደሆንን የሚያስታውሰን እርሱ ነው።

የአቡነ ሰላማ ጸሎትና በረከት፣ የስደተኛዪቱ እናታችን የድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።