ሰንደልና መጥረቢያው

ልጄ ለልደቴ ቀን ከአምስተርዳም አንዲት ትንሽ የሰንደል ሽቶ ብልቃጥ ገዝታ አመጣችልኝ። እኔ የሽቶ ሰው አልነበርሁም፤ በስደት ዘመኔ ሁሉ ከሳሙና በቀር መዓዛ ያለው ነገር ለራሴ ገዝቼ አላውቅም። ይህችን ግን ሳላስበው ዕለት ዕለት እየተቀባሁ አጋመስኋት። ልጄ ይህን አይታ፣ «አባዬ፣ ለመሆኑ ምኑ ነው ደስ የሚልህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ መልሱ ግን እንደ ቀላል አልመጣልኝም። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ነው።

የሰንደል መዓዛ አይጮህም። የአበባ ሽቶ ከባለቤቱ ቀድሞ በር ከፍቶ ሲገባ፣ ሰንደል ግን አጠገቡ ለተቀመጠ ብቻ በለሆሳስ ይናገራል። የፈላ ወተት የመሰለ ልስላሴ አለው፤ ከልስላሴው ሥር ደግሞ የደረቀ እንጨት ቁምነገር አለ። ጧት የተቀቡት ማታ በሸሚዝ አንገትጌ ላይ ይገኛል። ይህን ጠባዩን የሰጠው ሳንታሎል የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሞለኪውሉ ከባድ ስለ ሆነ ቶሎ አይተንም። ሽቶ ቀማሚዎች የሌሎች መዓዛዎች መሠረት የሚያደርጉትም ስለዚህ ነው። ጌርላን የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ሳምሳራ ሰንደልን ከጃስሚን ጋር ያጣመረ ነው፤ አበባው ተሰናብቶ ሲሄድ እንጨቱ ቆዳ ላይ ይቀራል። እኔን የሳበኝ መጀመሪያ ይኸው መቅረቱ ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሰንደል ባዕድ አይደለም። ዕጣን የምድራችን ፍሬ ነው፤ ሰንደል ግን ከባሕር ማዶ መጥቶ ከዕጣኑ ጎን በየቤታችን ቦታ ያገኘ እንግዳ ነው። እዚህ ሮተርዳም ለቡና ሥርዓት የምናጨሰውን ሰንደል ዌስት ክራውስካደ ጎዳና ላይ ካሉት የሱሪናም ሰዎች ሱቆች እገዛለሁ። የእነዚህ ባለሱቆች ብዙዎቹ ቅድመ አያቶች እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ ከህንድ ወደ ሱሪናም በውል ሠራተኛነት በመርከብ የተጫኑ ናቸው፤ ልጆቻቸው ደግሞ ሱሪናም በ1975 ነፃ በወጣችበት ዘመን ወደ ሆላንድ ተሻገሩ። እንግዲህ ያቺ ቀጭን እንጨት እጄ የምትደርሰው እንደ እኔው አገር በለቀቀ ሰው እጅ አልፋ ነው።

ስለ ዛፉ ያነበብሁት ነገር ደግሞ ልቤን አልተወውም። በደቡብ ህንድ ማይሶር ስሟ የተጠራው በዚህ ዛፍ ነው። የሰንደል መዓዛ በአበባው ወይም በቅጠሉ የለም፤ በግንዱ እምብርትና በሥሩ ተከማችቶ ይገኛል፤ እስኪደረጅም አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። የእኛ የዕጣን ዛፍ በመተማ ቆላ ቅርፊቱ በስለት እየተፋቀ ሙጫውን ይሰጣል፤ ከልክ በላይ ካላቆሰሉት ከቁስሉ አገግሞ ይኖራል። ሰንደል ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ሥሩም ዘይት ስላለው ከነሥሩ ተነቅሎ ይወሰዳል። ሽቶው የሚገኘው ከሞቱ ነው።

ህንዶች ከዚህ አንድ ምሳሌ አውጥተዋል፤ ሰንደል የቆረጠውን መጥረቢያ እንኳ መዓዛውን ያለብሰዋል ይላሉ። ይህን ምሳሌ መጀመሪያ የሰማሁት ሮተርዳም ውስጥ ቡና ላይ ነው። ዘሄግ በተቀመጠው ችሎት ምክንያት የአገራችን ሰዎች ከሁለት ተከፍለው በሚከራከሩበት ሰሞን፣ ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አዛውንት ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። እስከ መቼ ነው ቂም የምንቋጥረው? እንደ ሰንደል እንሁን እንጂ» አሉ። ንግግራቸው ያማረ፣ ልባቸውም ቅን ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ።

ዝም ያልሁት ስለ ተስማማሁ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። መሞቱን የነገረን ስላልነበረ ለቅሶ አልተቀመጥንለትም፤ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ በስሙ ዕጣን አልጤሰም። እናቴ ተዝካሩን ሳታወጣ አለፈች። እንግዲህ የመዓዛ ነገር ሲነሣ እኔ የማስበው ያልጤሰውን ዕጣን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አምስተርዳም ሄጄ አውደ ሆኽስትራት በተባለው መንገድ ላይ ባለው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ቤት ግቢ ቆምሁ። ዛሬ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሚገለገልበት ውብ የሸክላ ጡብ ሕንፃ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1602 ተቋቋመ፤ በ1613 ሶሎር ላይ የነበረውን ምሽግ ከፖርቱጋሎች ቀማ፤ ከዓላማዎቹ አንዱ የቲሞር ደሴትን የሰንደል ንግድ መያዝ ነበር። እንጨቱ በአብዛኛው ወደ ቻይና እየተጫነ ይሸጥ ነበር፤ ትርፉ ግን መንገዱን አያጣም፤ እዚህ ይደርሳል። ተማሪዎች እየሳቁ በአጠገቤ ሲያልፉ የአዛውንቱ ምሳሌ ትዝ አለኝና ሌላውን ገጹን አየሁት። መጥረቢያው መዓዛ ያገኘው በጸጸት አይደለም፤ ስለ ቆረጠ ነው። ደስ የሚል መዓዛው ምን እንደ ሠራ የሚናገር ማስረጃ ነው። ይህን መዓዛ የዛፉ ምሕረት ብለን መተርጎም የጀመርን እኛ ነን፤ ዛፉን ማንም አልጠየቀውም።

በዘሄግም የሆነው ይኸው ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 የከተማይቱ ፍርድ ቤት፣ በዚህ አገር ለረጅም ዓመታት እንደ እኛው በስደት የኖረ የደርግ ዘመን ባለሥልጣን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በጎጃም ለተፈጸመ የጦር ወንጀል የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ፤ የ75 እስረኞች መገደል ከወንጀሎቹ አንዱ ነበር። በ2022 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፍርዱን አጸናው። አርባ ዓመት ሙሉ ስንት ነገር ተንኖ ጠፍቷል! መፈክሩ፣ ዐዋጁ፣ መንግሥቱ ራሱ የለም። የቀረው በሰዎች ውስጥ ደርጅቶ የቆየው ትዝታ ነው፤ ምስክሮቹ ይዘውት የመጡት እርሱን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለውን ተረታችንን ሰዎች እንደ ቂም መፈክር ይወስዱታል። እኔ ግን ስለ ሰንደል ካወቅሁ ወዲህ ስለ ትዝታ ክብደት የተነገረ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ዛፉን ብቻ አወድሼ ብጨርስ ለእውነት አልታመንሁም። ሰንደል ለብቻው አይኖርም፤ ሥሩን ከጎረቤት ዛፎች ሥር ጋር አጣብቆ ውኃና ምግብ ይስባል። የእኔም ትውልድ ንጹሕ አልነበረም፤ ከእኛም መካከል በሌላው ደም የጨከነ ነበር። የመጥረቢያው ዛቢያም ቢሆን ከእንጨት የተጠረበ ነው። ስለዚህ ይቅርታ አያስፈልግም አልልም፤ እንዲያውም ሁላችንም ያስፈልገናል። የምለው ይቅርታን የሚሰጥ የተቆረጠው ነው፤ ከቡና ዙሪያ ተቀምጦ ስለ እርሱ የሚሰጥለት ሰው የለም። ይቅርታ ለማድረግም በፊት ምን እንደ ሆነ መነገር አለበት። ወንድሜ የት እንደ ተቀበረ የሚነግረኝ ሰው ቢገኝ፣ ልቤ ምን እንደሚል ያን ጊዜ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እኒያን አዛውንት ለመጠየቅ ሮተርዳም ቤታቸው ሄድሁ። ሰውነታቸው ደክሟል። ጎንበስ ብዬ ስስማቸው አንገቴን አሽተው፣ «ሰንደል ነው አይደል?» አሉኝ። «አዎን አባቴ» አልኋቸው። ከዚያም ስለ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኋቸው። ምሳሌውን አልደገሙትም። ስሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም ቀስ ብለው ጠሩት።

ልጄ ሆይ፣ ደስ የሚለኝ ይህ ነው፤ አበባው ሁሉ ካለፈ በኋላ ይቀራል፣ ቀርቦ ለጠየቀም ምን እንደ ነበረ ይናገራል።