የመጀመሪያው ደመወዝ የማን ነው?

በሀገረ ሕይወት፣ በዛሬ መጠሪያዋ በአምቦ፣ «ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ያዘ» የተባለ ቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ባይ አያጣም። ጎረቤት ይመጣል፤ የዕድር ሰው ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ሽማግሌው ይመርቃል። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ግን አንዲት ጥያቄ በየሰው ሆድ ትቀራለች፤ «ስንት ያገኛል?» የምትል። ከእሷ ጀርባ ደግሞ ሌላ አለች፤ «ለማን ያገኛል?» የምትል። ዛሬ ልናነሳት ያሰብነው ሁለተኛይቱን ነው።

ይህ የጓዳ ወሬ እንጂ የፍልስፍና ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠን። አብዛኞቻችን ነገ ከነገ ወዲያ የምንገባበት ነገር ነው። ዛሬ እኛ ካልመለስነው ነገ ሌላ ይመልስልናል፤ ወይ አጎታችን፣ ወይ የቤት አከራያችን፣ ወይ የባሰው፣ ባዶ ኪሳችን።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ እንይ። ለታላላቆቻችን ሥራ የሚፈለግ ሳይሆን ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የተማረ ሰው ጥቂት ስለነበረ መሥሪያ ቤቱ ተማሪውን በጉጉት ይጠብቅ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአስተማሪነት፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። በደርግ ዘመን ምሩቁ መንግሥት ወደመደበው ቦታ ይሄዳል፤ ቦታውን ላይወደው ይችላል፣ ሥራ ግን አያጣም። የዲግሪ መነሻው 500 ብር እንደነበረ የሚያስታውሱ ታላላቆቻችን ዛሬም ያችን ቁጥር ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጣል። በዚያች ብር ራስን ችሎ፣ ለእናት ልኮ፣ ወንድም ማስተማር ይቻል ነበር ይላሉ።

ዛሬ ምደባ የለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። እዚሁ አምቦ በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት የተጀመረው እንኳን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ በመጀመሪያው ዙር ካለፉት የወደቁት ይበዙ ነበር። ያለፈውም ቢሆን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት» የሚለውን ያነባል። ሥራ ካልሰጡት ልምዱን ከየት ያምጣው? ልምድ ከሌለው ሥራውን ማን ይስጠው? ይህን እያሰላሰለ አዲስ አበባ ባለች አክስቱ ቤት ፍራሽ ላይ ወራት ይቆጥራል። እንዲህ ተቆጥሮ ተቆጥሮ ሥራው ሲገኝ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ የአንድ ወር ድካም ዋጋ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የ16 እና የ17 ዓመት ተስፋ በአንድ ቀን ሂሳቡን ሊተሳሰብ ይመጣል።

እስቲ ከአባት ወገን ቆመን እንየው። የጀልዱ ወይም የጌዶ ገበሬ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲልክ ምን ያወጣል? ምግቡና ዶርሙ በወጪ መጋራት ይሸፈን ይሆናል። ልብሱ፣ ጫማው፣ ትራንስፖርቱ፣ የኮፒው፣ የስልክ ካርዱስ? ከጤፉ፣ ከድንቹ፣ ከበጉ ይወጣል። ሲጠብቅ ወይፈን ይሸጣል። ያ ወይፈን ሳይሸጥ ቢቀር ኖሮ ለከርሞ በሬ ሆኖ ያርስ ነበር። እንግዲህ ገበሬው የሸጠው አንድ ወይፈን አይደለም፤ የብዙ ዓመት እርሻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ ለእርጅናው ጡረታ ይጠብቀዋል። በ2003 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ በኋላ የግል ድርጅት ሠራተኛውም በዚህ ውስጥ ገብቷል። ገበሬው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠዋ እናት ግን በዚያ መዝገብ ላይ የሉም። የእነሱ ጡረታ ልጃቸው ነው። እያንዳንዱን መዋጮ የከፈሉት በደብተር፣ በጫማ፣ በትራንስፖርት መልክ ነው። ስለዚህ «ልጄ ሥራ ያዘ» ብለው ቀና ሲሉ ስግብግብ ብንላቸው ግፍ እንናገራለን።

አሁን ደግሞ ወደ ልጁ ወገን እንሻገር። ተቀጠረ እንጂ ገና አልተደላደለም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለህም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ኪራይ አለ፤ ታክሲ አለ፤ ምሳ አለ፤ መሥሪያ ቤት የሚያስገባ ሸሚዝ አለ። የወጪ መጋራቱም ዕዳ ተራውን ይጠብቃል። የወሩ ደመወዝ ወር ሳይሞላው ያልቃል። ሰፈር ግን «መሐንዲስ ሆኗል» ብሎ አውጇል፤ መሐንዲስ ደግሞ ገንዘብ ያጥረዋል ብሎ የሚያምን የለም። የጎረቤት ልጅ ሠርግ፣ የአጎት ሕመም፣ የዕድሩ ድንኳን፣ ሁሉም ስልኩን ያውቀዋል።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ልጅ ለወላጁ ያለበት ነገር ዕዳ ነው ወይስ ሌላ?

አሪስቶትል ከ2300 ዓመት በፊት በጻፈው የሥነ ምግባር መጽሐፍ ዕዳ ነው፣ ያውም ተከፍሎ የማያልቅ ዕዳ ነው ይላል። ልጅ ምንም ቢያደርግ ያገኘውን ያህል አይመልስም፤ ስለዚህ አባት ልጁን መተው ቢችል እንኳን ልጅ አባቱን መካድ አይችልም። ጄን ኢንግሊሽ የምትባል አሜሪካዊት ፈላስፋ ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፏ ተቃራኒውን ትላለች። ያደገ ልጅ ለወላጁ ምንም «ዕዳ» የለበትም። ዕዳ የሚኖረው ውለታ ጠይቆ ለተቀበለ ሰው ነው፤ ልጅ ግን ወለዱኝ ብሎ አልጠየቀም። ልጅ ወላጁን የሚረዳ እንደሆነ በመካከላቸው ወዳጅነት ስላለ ነው፤ ወዳጅ ከወዳጁ ጋር ሂሳብ አይተሳሰብም።

ሁለቱንም ወደ ምዕራብ ሸዋ አምጥተን ብንመዝናቸው ሁለቱም ይጎድሉብናል። የአሪስቶትልን ብንይዝ፣ ማለቂያ የሌለው ዕዳ ባለዕዳውን ባሪያ ያደርገዋል። ስንት ከፍዬ ነው የምጨርሰው? ሲል መልስ የለም። መልስ ከሌለ ደግሞ የሚጠየቀው ሁሉ ተገቢ ይሆናል፤ «ከየትም አምጣ» ማለትም ጭምር። የኢንግሊሽን ብንይዝ፣ ፍቅር በቀዘቀዘ ቀን እርዳታውም ይቋረጣል። ጡረታ ባለበት አገር ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። ጡረታው ልጁ ብቻ በሆነ ገበሬ ቤት ግን ረኀብ ነው። አባትና ልጅ ተኳርፈዋል ተብሎ ሽማግሌ ጦሙን ይደር?

ሦስተኛ መንገድ ያገኘነው ባልጠበቅነው ቦታ፣ በሕግ መጽሐፋችን ውስጥ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በወላጅና በልጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ ጥለዋል። ግን ልብ በሉ፤ ቀለብ የሚገባው ለተቸገረና ሠርቶ መኖር ላልቻለ ነው፤ ልኩም የሚወሰነው በጠያቂው ችግርና በሰጪው አቅም ነው። ግዴታው ወደ ሁለቱም ወገን ይሄዳል፤ ልጅ ቢቸገር ወላጅ፣ ወላጅ ቢቸገር ልጅ። ሕጉ «ስንት አወጣሁብህ?» ብሎ የድሮ ደረሰኝ አያገላብጥም። «ትወደዋለህ ወይ?» ብሎም ልብ አይመረምርም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ማን ተቸግሯል? ማንስ ይችላል? እኛ ይህን የሕግ አንቀጽ ብቻ አድርገን አናየውም፤ ጥሩ የኅሊና ሚዛን ነው እንላለን። ዕዳ ወደ ኋላ ያያል፤ ይህ ሚዛን ግን ዛሬ ማታ በማን ቤት ምን እንደጎደለ ያያል።

«ታዲያ ውለታ የት ገባ?» የሚለን ይኖራል። ደህና ጥያቄ ነው። «ብድር በምድር» ያለው ሕዝብ በከንቱ አላለም፤ የበላበትን ወጪት ሰባሪ መሆንም ነውር ነው። ነገር ግን ውለታ ማወቅ ማለት አስቀድሞ ማን እንደከፈለ በትክክል ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ብለን የምናስበው።

ወይፈኑን አባት ሸጠ፤ እውነት ነው። ግን እሱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከ8ኛ ክፍል የቀረችው እህት አለች። ውሃ የቀዳችው፣ እንጨት የለቀመችው፣ ታናናሾቹን ያዘለችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ለእሱ የሚላከውን ያጠራቀመችው እሷ ናት። ሁለቱም ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ፤ ለሁለት የሚበቃ ግን ቤት ውስጥ አልነበረም። የአባት ወይፈን ዋጋ አለው፤ በጉደር ገበያ ይታወቃል። የእህት የትምህርት ዘመን ግን ከየትኛውም ገበያ ተመልሶ አይገዛም። የመጀመሪያው ደመወዝ ሲመጣ ለአባት ጋቢ ይገዛል፤ ለእናት ነጠላ ይገዛል፤ ሁለቱም ይመርቃሉ። ለእህትስ? ብዙ ጊዜ ሻይ አፍልታ ታቀርባለች። አባት የመጠየቅ ሥልጣን ስላለው ይጠይቃል፤ እህት ግን የመጠየቅ ሥልጣን የላትም። ዕዳ ያለው ካለ፣ ማንም የማይጠይቀው ይህ ነው። የሚከፈለውም በጋቢ አይደለም፤ ማታ ትምህርት ቤት በማስገባት፣ ወይም ሙያ በማስያዝ፣ ወይም ቢያንስ «አንቺ ባትቀሪ እኔ እዚህ አልደርስም ነበር» ብሎ በሰው ፊት በመናገር ነው።

አሁን ደግሞ በየዶርሙ ስለ ሥራ ሲወራ የምንሰማውን አንድ ልማድ እንንካ። ብዙ ምሩቅ ሁለት ደመወዝ አለው፤ አንዱ ፔይሮል ላይ የሚፈርምበት፣ ሌላው ለቤት የሚነግረው። አንዳንዱ እንዳይጠይቁት ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ሌላው ደግሞ እንዳያፍሩበት ከፍ ያደርጋል። ዝቅ ያደረገው ወላጁን ሰረቀ ብንል ይቀለናል፤ ከፍ ያደረገውን ግን ማንም አይወቅሰውም። በእኛ አስተያየት አደገኛው ይኼኛው ነው። ለምን ብትሉ፣ የተናገረውን ቁጥር ኋላ መሆን አለበት። ቤት ያለው ሰው በተነገረው ቁጥር ልክ ይጠብቃል፤ ታናሽ ወንድም በዚያ ቁጥር ይመዘገባል፤ ብድር በዚያ ቁጥር ይወሰዳል። በእውነተኛው ደመወዝና በተነገረው መካከል ያለውን ጉድጓድ በምን ይሙላው?

መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሕዝቦች ነን። አዲሱ ምሩቅ መዝገብ ቤት ተቀምጧል እንበል። ከባኮ ገጠር የመጣ ሽማግሌ የመሬት ወረቀቱን ሊያስጨርስ በመስኮቱ ፊት ቆሟል። ጉዳዩ የሩብ ሰዓት ነው። «ነገ ይመለሱ» ይባላል። ነገም «ነገ» ይባላል። በሦስተኛው ቀን አንድ አዛኝ መሳይ ሰው ጠጋ ብሎ «ለሻይ ትንሽ ነገር ቢያደርጉ» ይለዋል። ሽማግሌው ለመመለሻው የያዛትን ብር ያወጣል። ማታ ያች ብር ወደ ቤት ትላካለች፤ አባት ይመርቃል፤ «ልጄ አልረሳኝም» ይላል።

እስቲ ይህን ሂሳብ እንሥራው። ለአባታችን የገዛነው ጋቢ ከሌላ ሰው አባት ትከሻ ላይ የተገፈፈ ከሆነ ምን ከፈልን? ይህን የሚያደርገው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥሩ ልጅ ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሌብነት በሌብነት መልኩ ቢመጣ እናውቀው ነበር፤ የሚመጣው ግን ወላጅን በመጦር፣ ወንድምን በማስተማር፣ ዘመድን በማስቀጠር መልክ ነው። ለወላጅ ያለን ዕዳ ወሰን የለውም ብለን ከጀመርን፣ መንገድ ላይ የሚያስቆመን ምንም አናገኝም። ችግርንና አቅምን ብለን ከጀመርን ግን አቅማችን ፔይሮሉ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ያለፈው የእኛ አይደለምና ለማንም ልንሰጠው አንችልም።

ታዲያ የመጀመሪያው ደመወዝ የማን ነው? የሠራው ሰው ነው እንላለን፤ ግን የሠራው ሰው ብቻውን አልሠራውም። ስለዚህ ከብሩ በፊት ለቤቱ የሚገባው እውነቱ ነው። «አባዬ፣ የሚደርሰኝ ይህን ያህል ነው፤ ኪራዩ ይህን ይወስዳል፤ ለእርስዎ ይህን፣ ለእህቴ ትምህርት ይህን እልካለሁ፤ ከዚህ በላይ ያለው የኔ አይደለም» ብሎ መናገር ጋቢ ከመግዛት ይከብዳል። አባት ሊከፋው ይችላል፤ ሰፈር «ምን ተማርኩ ይላል» ሊል ይችላል። ገበሬ ግን ሂሳብ ያውቃል። ስንት ቁና ዘርቶ ስንት እንደሚያፍስ፣ ክረምቱ ሲከፋ ከምን ላይ እንደሚቀንስ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል። እውነተኛውን ቁጥር ከነገርነው ከእኛ ጋር ሆኖ ያካፍለዋል፤ ከደበቅነው ግን የማናውቀውን ተስፋ ብቻውን ሲያርስ ይከርማል።

እኛ እስከዚህ ደርሰናል። አይደለም፣ ዕዳው ማለቂያ የለውም የሚል፣ ወይም ደመወዜ የራሴ ብቻ ነው የሚል ካለ ብዕሩን ያንሣ። ከሁሉ አስቀድመን ልንሰማ የምንፈልገው ግን ከ8ኛ ክፍል የቀረችውን እህት ነው።