የሚያውቅ ገዢ፣ የማያውቅ ሻጭ፦ በጥቅለላ ሰሞን የቢራ አክሲዮን ስለ መግዛት

የቢራ ፋብሪካ ሊጠቀለል ነው በተባለበት ሰሞን የፋብሪካውን አክሲዮን መግዛት ተገቢ ነውን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የነጋዴና የሒሳብ ባለሙያ ይመስላል፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ግዢ ሻጭ ስላለው፣ ሻጩም ገዢው የሚያውቀውን ላያውቅ ስለሚችል፣ ነገሩ ስለ ፍትሕና ስለ ባልንጀራ ከሚነሡት የጥንት የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄዎች አንዱ ይሆናል። አክሲዮን ማለት በአንድ ኩባንያ ሀብት፣ ትርፍና ድምፅ ላይ ያለ ድርሻ ሲሆን፣ የጥቅለላ ጥያቄ ደግሞ አንድ ገዢ የኩባንያውን አክሲዮኖች በሙሉ ወይም አብዛኛውን በተወሰነ ዋጋ ለመግዛት ለባለአክሲዮኖች የሚያቀርበው ጥሪ ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ያስነሣው የቢራ ኢንዱስትሪ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ከተዛወረ በኋላ፣ ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. በደሌንና ሐረርን፣ ዲያጂዮ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ገዝተዋል፤ ሜታም በ2014 ዓ.ም. ተመልሶ ወደ ካስቴል ገብቷል። በእነዚህ ሽያጮች ሻጩ መንግሥት ወይም ትልቅ ኩባንያ ስለነበር አማካሪና ጠበቃ አላጣም። ጉዳዩ የሚከብደው ፋብሪካው የብዙ ትንንሽ ባለአክሲዮኖች ሲሆን ነው። በደብረ ብርሃን የተተከለው ሐበሻ ቢራ ከ8 ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ገንዘብ አዋጥተው ካቋቋሙት በኋላ የሆላንዱ ባቫሪያ ዋና ባለድርሻ ሆኖበታል፤ በማይጨው የተቋቋመው ራያ ቢራም በ2010 ዓ.ም. ገደማ በቢጂአይ ኢትዮጵያ፣ ማለትም በካስቴል የኢትዮጵያ ኩባንያ ተጠቅልሏል። እንዲህ ባለው ጊዜ አክሲዮኑን የያዘው መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ጡረተኛ ወይም ባለሱቅ ሊሆን ይችላል።

ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነዋሪም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የባንጃ ደጋ ገብስ የሚበቅልበት አገር ነው፤ በጎንደር የተመሠረተው ዳሸን ቢራም ዱየት የተባለው የእንግሊዝ የመዋዕለ ንዋይ ኩባንያ በ2004 ዓ.ም. አብዛኛውን ድርሻ እስከያዘበት ጊዜ ድረስ የጥረት ነበር፤ ጥረት ደግሞ ለአማራ ክልል ሕዝብ ልማት የተቋቋመ ድርጅት እንደመሆኑ የኢንጅባራና የዳንግላ ሰው በስሙ ባይመዘገብም የነገሩ ባለቤት ነበር ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ኢንጅባራ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ በመሆኗ፣ በዋና ከተማው የቦርድ አባላት ክፍል የተወራ ወሬ ለከተማዋ ባለአክሲዮን የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ የሥነ ምግባሩ ጥያቄም የሚወለደው ከዚሁ መዘግየት ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። የአንድ ቢራ ፋብሪካ አክሲዮን 1,300 ብር ይሸጥ የነበረ ቢሆንና ጠቅላዩ ኩባንያ ለእያንዳንዱ 2,500 ብር እከፍላለሁ ብሎ በይፋ ቢያስታውቅ፣ አክሲዮኑ ወዲያውኑ 2,500 አይገባም፤ ምናልባት በ2,100 ብር ይሸጣል። የ400 ብሩ ልዩነት የጥርጣሬ ዋጋ ነው። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 መሠረት ውህደት የመንግሥትን ፈቃድ ይሻል፤ ፈቃድ ቢከለከል ወይም ጠቅላላ ጉባኤው ባይስማማ ዋጋው ወደ 1,300 ሊመለስ ይችላል። ስምምነቱ የመሳካት ዕድሉ ከመቶ 80 ነው የሚል ገዢ፣ አማካይ ዋጋውን 2,260 ብር ብሎ ያሰላና በ2,100 ይገዛል። ለልጁ ትምህርት ወይም ለሠርግ ጥሬ ገንዘብ ያስፈለገው ሻጭ ደግሞ ወራት ከመጠበቅና ከመሥጋት ይገላገላል። ሁለቱም የጥሪውን ዋጋ እስካወቁ ድረስ በዚህ ግብይት ውስጥ በደል የለም፤ ገዢው የተሸከመው ሥጋት ለትርፉ ምክንያት ይሆነዋል፤ ሥጋት የሌለበት አራጣ ከዚህ የሚለየውም በዚህ ነው።

ሥጋቱ እውነተኛ መሆኑን የዓለም ትልቁ የቢራ ጥቅለላ ይመሰክራል። አንሃይዘር ቡሽ ኢንቤቭ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ሳብሚለርን ለመጠቅለል ሲነሣ የሳብሚለር ቦርድ ተከታታይ ጥያቄዎችን ዝቅተኛ ናቸው ብሎ መለሰ፤ በመጨረሻ በአንድ አክሲዮን 44 ፓውንድ ተስማማ፤ ዋጋው በ2016 ወደ 45 ፓውንድ ከፍ ብሎ ግዢው በዚያው ዓመት ጥቅምት ተፈጸመ። እስከዚያ ድረስ የበርካታ አገሮች ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ መጠበቅ፣ እንደ ፔሮኒና ግሮልሽ ያሉ ታዋቂ ቢራዎችንም ለሌላ መሸጥ ግድ ሆኗል። ቀድሞ የሸጠ የኋላኛው ዋጋ ቀረበት፤ የገዛውም ዓመት ያህል ሳይተማመን ቆየ።

በደሉ የሚጀምረው ገዢው የሚያውቀውን ሻጩ እንዳያውቅ ከተፈለገ ነው። የሮማው ፈላስፋ ኪኬሮ ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ይህን ጥያቄ በአንድ እህል ነጋዴ አማካይነት አንሥቶታል፦ ነጋዴው ረሃብ ወደ ገባባት ወደ ሮዶስ ደሴት ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ሲመጣ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየተከተሉ መሆኑን ያውቃል፤ ይህን ለገዢዎቹ ሊናገር ይገባዋልን? ዲዮጋን ዘባቢሎን ሐሰት እስካልተናገረ ድረስ ዝም ማለቱ አያስወቅሰውም ሲል፣ ደቀ መዝሙሩ አንቲፓጥሮስ ዘጠርሴስ ግን ለሰው ልጆች ማኅበር የተፈጠረ ሰው ባልንጀራው ሊያውቀው የሚጠቅመውን ሊደብቅ አይገባም ብሎ ተከራከረ። ኪኬሮ ወደ አንቲፓጥሮስ አደላ። ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዓመት ነጋዴው በፍትሕ ረገድ የመናገር ግዴታ እንደሌለበት፣ ቢናገር ግን ይበልጥ በጎ እንደሚሆን ደመደመ።

የእስልምና ሕግ በዚሁ ነገር ይበልጥ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ አለው፤ የነቢዩ ሐዲስ የከተማ ነጋዴ ሸቀጥ ይዘው የሚመጡ ቅፍለቶችን ገበያ ሳይደርሱና ዋጋ ሳያውቁ መንገድ ላይ ተቀብሎ እንዳይገዛ ይከለክላል። ደላላ ከዳንግላ ገበያ መግቢያ ላይ ቆሞ እህል ወይም ከብት የያዘን ገበሬ የዕለቱን ዋጋ ሳይሰማ ቢያስቆመውና ቢገዛው፣ የአካባቢው ሰው ድርጊቱን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ጥሪው ገና ሳይወራ አክሲዮን የሚያሰባስብ ሰውም በዚያው መንገድ ዳር የቆመ ነው። ኢብን አል-አሳል በ13ኛው መቶ ዓመት በዓረብኛ ያጠናቀረውና በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ሥርዓት መደንገጉ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ትውፊት ገበያ ከሕገ እግዚአብሔር ውጭ እንዳልሆነ ያስረዳል። መጽሐፈ ምሳሌም የሚገዛውን ነገር በሻጩ ፊት እያጣጣለ ከሄደ በኋላ በግዢው የሚመካውን ሰው ይወቅሳል።

የአገሪቱ ሕግም የሁለቱን ፈላስፎች ክርክር በሚያስታርቅ መንገድ ይዞታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1704 በተንኰል የተገኘ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ በቁጥር 1705 ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ የመተማመን ግንኙነት ባለ ጊዜ ዝምታ ራሱ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ያሳያል። በቁጥር 1710 የሌላውን ችግር፣ የዋህነት ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ውልም ሊፈርስ ይችላል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 በበኩሉ ለሕዝብ ያልተገለጠ የውስጥ መረጃ ይዞ መገበያየትን ይከለክላል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ በመጀመሩ፣ ዋጋ በአደባባይ የሚታይበት መንገድ ተከፍቷል። ይሁንና በገበያው ያልተመዘገበ አክሲዮን እጅ በእጅ በሚዛወርበት ጊዜ ሻጩ ፊት ለፊት የሚታይ ሰው ነው፤ ገዢና ሻጭ ተቀምጠው ይፈርማሉ፣ ኩባንያውም ዝውውሩን በአክሲዮን መዝገቡ ያሰፍራል፤ የአንድ ዕድር ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ከሆኑም ልዩ መተማመን አለ ማለት ነው።

ከፍትሐዊ ዋጋ ባሻገር ምርቱ መጠጥ መሆኑ የሚያስነሣው ሌላ ጥያቄ አለ። ለሙስሊም አማኝ ጉዳዩ ዋጋው ከመነሣቱ በፊት ያልቃል፤ የሚያሰክር መጠጥ ሐራም እንደመሆኑ ከሽያጩ የሚገኘውም ትርፍ አይፈቀድምና። በኦርቶዶክሳዊው ኅብረተሰብ ግን በማኅበርና በሰንበቴ ጠላ ይቀዳል፤ በቃና ዘገሊላ ሰርግም ክርስቶስ ውኃውን ወይን አድርጓል፤ ስለዚህ የሚወቀሰው መጠጡ ሳይሆን ስካሩ ነው፤ ነቢዩ ዕንባቆም ባልንጀራውን በሚያሰክር ላይ ወዮታውን ያሰማል። ለጥቂት ወራት ብቻ የሚገዛ ሰው «ልሸጠው ነው» ብሎ ከዚህ ኃላፊነት ሊያመልጥ አይችልም፤ አክሲዮኑን በያዘባቸው ወራት ከፋብሪካው ሽያጭ ድርሻ አለውና። ሕሊናው የመጠጥ ትርፍን ለዓመት የሚከለክለው ለወርም ሊከለክለው ይገባል።

እንግዲህ ፍርዱ በሦስት መመዘኛዎች ይጠቃለላል። የመጀመሪያው ገዢው በምርቱ የሚያምን፣ ቢያንስ ያለ ኀፍረት የሚይዘው መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው የሚጠብቀው ትርፍ እውነተኛ ሥጋት በመሸከሙ የሚገኝ መሆኑ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ ሻጩን ይመለከታል፦ ገዢው በፊርማው ጠረጴዛ ላይ «ይህን ያህል ሊከፍል የተነሣ ገዢ አለ፤ እኔም የምገዛው ስለዚህ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ ቢናገር ግብይቱ ይፈርሳልን? ይህ ከተነገረ በኋላም ሻጩ በፈቃዱ የሚሸጥ ከሆነ ግዢው ንጹሕ ነው። ነገሩ ሲነገር ሻጩ እጁን የሚሰበስብ ከሆነ ግን ገዢው ሊያገኝ የነበረው ትርፍ ከፋብሪካው የሚመነጭ ሳይሆን ከዚያ ሰው አለማወቅ የሚቀዳ ነበር፤ እንዲህ ያለውን አክሲዮን መተው ይገባል። የቦርድ አባል፣ ሠራተኛና የእነርሱ ወዳጅ የሆነ ሁሉ ደግሞ ጥሪው በይፋ እስኪነገር ድረስ ከመግዛት እንዲታቀብ ሕጉም ሕሊናውም ያስገድዱታል፤ የሰማውን ለሻጩ መንገር ስለማይፈቀድለት፣ ሦስተኛውን መመዘኛ ሊያሟላ አይችልምና።