ምንም የማያጎድል ጾም

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ወተቱ ከቡናው ይወጣል፣ ጥሉላት የተባለ ሁሉ ለ55 ቀን ከገበታ ይነሣል። በዚህ መሐል ስፒሩሊና የሚባል ጥቁር አረንጓዴ ዱቄት ይመጣል። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ከታመነ ሥጋ የሚሰጠውን ፕሮቲንና ብረት ሥጋ ሳይነኩ ማግኘት ይቻላል። ታዲያ ከሰውነት ምንም ካልጎደለ ምኑ ተጾመ?

ጥያቄው የሃይማኖት ነው፤ ሒሳቡ ግን ይቅደም። ለማነጻጸሪያ ከዶሮ መረቅ የተሻለ አይገኝም፤ በአበሻ ቤት አቅም ላነሰው ሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ዶሮ ነውና። እንደ ወጡ ቁሌት ሳይጠበቅለት፣ በርበሬ ሳይበዛበት፣ ከነአጥንቱ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀስ እያለ ይበስላል። ቢጫ ስቡ ላዩ ላይ ዐይን ዐይን እየሠራ ሲንሳፈፍ ተቀድቶ ለታመመው ይቀርባል።

መረቁ ግን ዝናውን ያህል አይደለም። ቤት ውስጥ ከአጥንት ጋር በደንብ የተቀቀለ አንድ ኩባያ መረቅ 6 ግራም ያህል ፕሮቲንና 86 ካሎሪ ይሰጣል፤ ታሽጎ የሚሸጠው ደግሞ ከ2 ግራም በታች ነው፣ ካሎሪውም 15 ቢሆን ነው። ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣው ጄላቲን ትሪፕቶፋን የተባለውን አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ስለማይዝ ብቻውን ሰው አያቆምም። ይህን የፓሪስ ሰዎች በብዙ ውጣ ውረድ ተምረውታል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከአጥንት የወጣ ጄላቲን ሥጋን ተክቶ ለድሆችና ለሆስፒታል ሕሙማን በሾርባ መልክ ይታደል ነበር። በመጨረሻ በፍራንሷ ማዥንዲ የሚመራ የሳይንስ አካዳሚ ጉባኤ ውሾችን በጄላቲን እየመገበ ሲፈትሽ ቆይቶ በ1841 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ይህ ምግብ ብቻውን ሕይወት እንደማያቆይ አስታወቀ።

ስፒሩሊናስ? መቶ ግራም ደረቅ ዱቄት 57 ግራም ፕሮቲንና 28 ሚሊግራም ብረት ይዟል። ከሥጋ ይበልጣል የሚባለው በዚህ ቁጥር ነው። ነገር ግን መቶ ግራም ስፒሩሊና የሚበላ ጤነኛ ሰው አልተገኘም። አንድ የሾርባ ማንኪያ 7 ግራም ቢመዝን ነው፤ እሱም የሚሰጠው 4 ግራም ፕሮቲንና 2 ሚሊግራም ብረት ነው። በፕሮቲን በኩል ቤት ውስጥ የፈላው የመረቅ ኩባያ ይበልጠዋል ማለት ነው። ሁለቱንም የሚያስከነዳው ደግሞ ማንም ያላሞገሰው ምስር ነው፤ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲንና ከ6 ሚሊግራም በላይ ብረት ያስገኛል። ጾመኛው በእርግጥ የሚያጣው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ በስፒሩሊና ውስጥ የሚገኘው ቢ12 ግን በአብዛኛው የሰው አካል የማይጠቀምበት አምሳያው ነው። ዱቄቱ ያለውን ይጨምራል፣ የጎደለውን አይሞላም።

እንዲያም ሆኖ ጥያቄው አይዘጋም። ነገ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁሉን የሚያሟላ ዱቄት ይሠራ ይሆናል፤ ለጾም ያኔ ምን ይባላል?

በሕጉ በኩል ብዙ አያከራክርም። ስፒሩሊና እንስሳ አይደለም፣ ከእንስሳም አይወጣም። እርግጥ ዕፅዋትም አይደለም፤ በጨዋማና በሶዳማ ውኃ የሚራባ፣ በፀሐይ ብርሃን የሚኖር ሳይኖባክቴሪያ ነው። ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ የቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅና ከሻላ አጠገብ ያለችው ጭቱ በእሱ ይታወቃሉ፣ የጭቱ ፍላሚንጎዎችም ይመገቡታል። ሕያው ፍጥረት ነውና አይጾምበትም የሚል ቢመጣ፣ እንጀራው የቦካበት እርሾም ሕያው መሆኑ ሊነገረው ይገባል።

ክርክሩ ያለው በመንፈሱ በኩል ነው። ጾም ሥጋን ማድከም ነው የሚል አለ፤ ሰውነት ካልከሳ ነፍስ አትነቃም ይላል። በዚህ አስተሳሰብ ስፒሩሊና በጓሮ በር የገባ ዶሮ ነው። ሌላው ደግሞ ጾም ፈቃድን መግዛት ነው ይላል፤ የሚፈለገው ሰውነት እንዲጎዳ ሳይሆን ምኞት እንዲታዘዝ ነው። በትንቢተ ዳንኤል ሁለቱም ምስክር ያገኛሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ የንጉሡን መብልና ወይን ትተው ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ሲወስዱ፣ ከሌሎቹ ብላቴኖች ይልቅ ፊታቸው አምሮ ሥጋቸው ወፍሮ ተገኙ። መጽሐፉ ይህን እንደ ድል እንጂ እንደ ማጭበርበር አይቆጥረውም። በዐሥረኛው ምዕራፍ ያው ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሲያዝን ሥጋና ወይን ከአፉ ርቆ፣ በራእዩ ፊት ኃይል ያጣ ደካማ ሆኖ ይታያል። የአንድ ሰው ሁለት ጾም፤ አንዱ አወፈረ፣ ሌላው አደከመ።

ከሁለተኛው ወገን ከተቆመ ስፒሩሊና ክስ የለበትም ማለት ይቻላል። ዱቄቱን በብርጭቆ ውኃ የበጠበጠ ሰው ያውቀዋል፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ አተላ ይቀራል፣ ሽታው የቆመ ውኃና የዓሣ ነው፣ ጣዕሙ ምላስ ላይ ይቆያል። ይህን የሚጎመጅ ምኞት ካለ ይታይ። ፈቃድን በመግዛት ሚዛን ሊጠየቁ የሚገባቸው ሌሎች ናቸው፤ በአትክልት ክሬም የተሸፈነው የጾም ኬክ፣ ሥጋ ሥጋ እንዲል ተደርጎ የተጠበሰው የአኩሪ አተር ጥብስ። ሕጉን አልጣሱም፤ ግን ጾመኛው የተወው ነገር በሌላ ስም ተመልሶ ሳህኑ ላይ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ጾም የምግብ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ነው፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የቆየ ሥርዓት ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ የስፒሩሊና ጭማቂ የጠጣ ጾመኛ ከጥሉላት ርቋል፣ ሰዓቱን ግን በልቷል። ገበያው ስለ ምግቡ ዓይነት ብቻ ቢያወራ አይፈረድበትም፤ ሰዓት ታሽጎ አይሸጥም።

ዋጋውም ሌላ ጉዳይ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ጾም ለተራበ እንጀራ መቁረስ መሆኑን ካስተማረ ወዲህ፣ ከራስ የቀነሱትን ለነዳያን ማካፈል የጾም አካል ሆኖ ቆይቷል። ከባሕር ማዶ የመጣ ብልቃጥ ከሥጋው በላይ የሚያስወጣ ከሆነ የሚካፈለው ከየት ይመጣል? የሚገርመው ስፒሩሊና በትውልድ ቦታው የባለጠጋ ምግብ አለመሆኑ ነው። ቻድ ሐይቅ አጠገብ የካኔምቡ ሴቶች ከውኃው ላይ እየሰበሰቡ አሸዋ ላይ ያጠልሉታል፣ በፀሐይ አድርቀው ዲሄ በሚል ስም ለገበያ ያወጡታል፣ ለማሽላ ገንፎ ማባያ ወጥ ውስጥም ይጨምሩታል። ቤልጅጋዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዣን ሌዮናር በ1960ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) እነዚያን አረንጓዴ ቂጣዎች ካየ በኋላ ነው የውጭው ዓለም ትኩረቱን የሰጣቸው።

እስካሁን የተባለው ለጤነኛ ነው። ሕመምተኛ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

በየቤቱ የሚታወቅ ትዕይንት ነው። እናት በሁዳዴ ይታመማሉ፤ ልጅ «እማዬ፣ ትንሽ መረቅ» ትላለች፣ እናት «ከምገድፍ ብሞት ይሻለኛል» ይላሉ። ዛሬ ዛሬ ልጅቷ አስታራቂ አግኝታለች፤ መረቁ ይቅርና ስፒሩሊናው ይሁን ትላለች። እውነቱን ለመናገር ይህ ዕርቅ ለማንም አይበጅም። ለደከመ ሰው መረቅ የሚጠቅመው በፕሮቲኑ አይደለም፤ ትኩስ ፈሳሽ፣ ጨውና የምግብ ፍላጎትን የሚቀሰቅስ መዓዛ ስላለው ነው። የ12ኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ሐኪም ማይሞኒደስ የዶሮ ሾርባን ለሕሙማን አዟል። በ2000 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) የነብራስካው ሐኪም ስቴፈን ሬናርድ በቤተ ሙከራ ባደረገው ጥናት ሾርባው የአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንቅስቃሴ ገታ አድርጎ ተገኝቷል፤ በሰው ላይ ግን አልተፈተነም። በአንጻሩ ምንጩ ያልታወቀ የስፒሩሊና ዱቄት ጉበትን የሚጎዳ የሌሎች ሳይኖባክቴሪያዎች መርዝ ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ለታመመ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናት ጥሉላት አልነካም ካሉ ጨው ያለው ትኩስ የምስር መረቅ ከዱቄቱ የተሻለ ምላሽ ነው። የነፍስ አባታቸው ከፈቀዱ ደግሞ ዶሮው ይታረድ፤ ጾምን ያዘዙት የሐዋርያት ቀኖናዎች ራሳቸው በሥጋ ድካም የታገደውን ነጻ አድርገዋል።

ቀኖናው ብቻም አይደለም። የገዳም ሥርዓታቸው ወደ ግእዝ የተተረጎመላቸው፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በላይኛው ግብፅ የአንድነት ገዳምን የመሠረቱት አባ ጳኩሚስ ገድል ላይ አንድ ታሪክ አለ። አጥንቱ እስኪቆጠር የከሳ ሕመምተኛ መነኩሴ ጥቂት ሥጋ ለመነ፤ ወንድሞች ሥርዓታችን አይፈቅድም ብለው ከለከሉት። ተሸክመው ወደ አባታቸው ሲያመጡት አባ ጳኩሚስ ማዕድ ላይ ነበሩ። የወንድሞችን ጭካኔ ገሠጹ፤ ለሕመምተኛው የፍየል ግልገል ተገዝቶ እስኪበስልለት ድረስም ከፊታቸው ያለውን ቅጠል አልነኩም።

እኚህ አባት ግን ምንኩስናን የተማሩት ከአባ ጰላሞን ነበር። አባ ጰላሞን በእርጅናቸው በጽኑ ሲታመሙ ወንድሞች ለሕመማቸው የሚስማማ ምግብ እንዲወስዱ ለመኗቸው፤ ጥቂት ቀን ወስደው ተዉት፣ ሰማዕታቱን እያሰቡ ወደ ቀደመው ተጋድሏቸው ተመልሰውም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። የቀበሯቸው ደቀ መዝሙራቸው አባ ጳኩሚስ ናቸው። እሳቸው በኋላ ባወጡት ሥርዓት ወይንና መረቅ ከሕሙማን ቤት ውጭ እንዳይቀመስ ተከለከለ፤ በሕሙማን ቤት ውስጥ ግን ተፈቀደ።