ሙያ በልብ ከሆነ ማን ይቀጥረዋል?

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል ሁለት ነገር አዝሏል። አንዱ ምክር ነው፦ ያልፈጸምኸውን አታውራ፣ ውጥንህን አደባባይ አታውጣ። ሌላው ልማድ ነው፦ ሠርተህም ዝም በል፣ ሰው ያውራልህ። ምክሩን እቀበላለሁ፤ ልማዱ ግን ሁሉ ሰው በሚተዋወቅበት አገር የተወለደ ነው። በይፋት ቆላ ጎበዝ ገበሬን ማሳው ይመሰክርለታል፣ አላፊ አግዳሚውም ያየዋል። ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ በቪዲዮ ጌም ሠሪነት መቀጠር የሚፈልግ ወጣት ግን ማሳው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ እሱ ካልከፈተው የሚያየው የለም።

ጀማሪ ፕሮግራመርም ሆነ ሠዓሊ ሲያመለክት፣ ከዲግሪው ይልቅ የሚመዘነው ቀጣሪው ከፍቶ የሚጫወተው ሥራ ነው። ብዙዎችን የሚያስተው ሥራው ግዙፍ መሆን አለበት የሚለው እምነት ነው። ዓመታት ፈጅቶ ካላለቀ ሰፊ ዓለም ይልቅ አምስት ደቂቃ የሚያጫውት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ በርካሽ ስልክ የማይንቀረፈፍ ጌም ስለ ሠሪው ብዙ ይናገራል፤ መጨረስ ራሱን የቻለ ችሎታ ነውና። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ግሎባል ጌም ጃም የተባለው የጌም መሥሪያ ዝግጅት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፦ ጥቂት ቀን፣ አንድ ያለቀ ጌም። ጭብጡም ከቅርብ ይገኛል፦ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው የአገራችን ስቱዲዮ ቅኔ ጌምስ የታወቀው ዶሮ ከአሳዳጇ በምታመልጥበት «ኩኩሉ» እና ሁላችን በምናውቀው የገበታ ጨዋታ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ስቱዲዮዎች ፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕን ሲመሠርቱ ቅኔ አብሮ ነበረ። የይፋት ልጅም ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የመስኖ ውሃን ለሽንኩርት ማሳዎች በተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት ግሩም የእንቆቅልሽ ጌም ይወጣዋል፤ ተራ፣ ሰዓት፣ እጥረት፣ የጎረቤት ቅሬታ፣ ሁሉም እዚያው አለ።

«ማሳየት ጉራ ነው» የሚል ይኖራል። ጉራ ማስረጃ የሌለው ቃል ነው፤ ሥራን መዘርጋት ግን ፍርዱን ለተመልካች መተው ነው። «ይህን እኔ ሠራሁ፣ ይህን ሥዕል ከሌላ ወሰድሁ» ብሎ የሚለይ አመልካች ከዝምተኛው ይልቅ ትሑት ነው። ሐሳቤ ይሰረቃል የሚለው ፍርሃትም ብዙ አያስኬድም፤ ጀማሪን የሚቀጥር ሐሳብ ሊገዛ ሳይሆን ሐሳብን ዳር የሚያደርስ እጅ ሊያገኝ ነው የሚፈልገው።

የሚከብደው ተቃውሞ «ሥራው የት አለ?» የሚለው ነው። በአገራችን ጌም ሠሪ ድርጅት ጥቂት ነው። በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የዘርፉ ሠራተኞች ተሰናብተዋል፤ ጀማሪው የሚጋፋው ከእነዚህ ልምድ ካላቸው ጋር ነው። በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል፤ ሥራህን አሳይ የሚባለው ወጣት በሩ ከውጭ ተዘግቶበት ነበር። ይህን ጥፋት በእሱ ስንፍና ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ማሳየት ብቻውን እንጀራ ይሆናል ብዬም አልምልም። ሆኖም ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ በነጻ የሚገኝ ነው፣ አንዴ ከወረደም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ያለቀውም ጌም በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል። ሠሪው ጓደኞቹን አጫውቶ፣ ምንም ሳያስረዳ፣ የት ላይ እንደሚደናገሩ ቢመለከትና ያን ቢያርም፣ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ምን እንዳልሠራለት፣ ለምን እንደቀየረውና ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ምን እንዳደረገ መናገር ይችላል። ለትምህርት መተግበሪያ ወይም ለማስታወቂያ አኒሜሽን ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።